ባክ ኢን ብላክ፦ ዛሬም ጉልበቱ ያልደከመ አልበም
የአውስትራሊያዎቹ የሮክ ባንድ ኤሲዲሲዎች (AC/DC) ይህን አልበም ያወጡት በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ድምፃዊያቸው ቦን ስኮት በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ሞቶባቸው፣ ሌላ ባንድ ቢሆን በተበተነ ነበር፤ እነሱ ግን በምትኩ ብራያን ጆንሰንን ይዘው ባሃማስ ወረዱ፣ ቀረጹት፣ ሐምሌ ላይ አወጡት። ሽፋኑ ጥቁር ነው፣ ለሐዘን።

መጀመሪያ ደወል ይሰማል። ከዚያ የአንገስ ያንግ ጊታር ይገባል፣ ከበሮው ዘግይቶ ይከተላል፤ እዚህ ጋ ድምፁን ካልጨመራችሁ ምኑን ሰማችሁት! የእኔን ልብ የሚወስደው ግን የወንድሙ የማልኮም ሪትም ጊታር (ምቱን የሚይዘው አጃቢ ጊታር) ነው። ጋጋታ የለውም። ጥቂት ኮርድ መትቶ ዝም ይላል፣ ዝምታው ራሱ ይመታል።

ግጥሙ ላይ ብዙ አትጠብቁ፤ በአብዛኛው መጠጥና ሴት ነው፣ አንዳንዱማ ያሳፍራል። 10 ዘፈን ነው፣ የምዘለው የለኝም። በስልክ ስፒከር ግን እንዳትሰሙት፣ ቤዙ ድራሹ ይጠፋል።