«ሞቷል» የተባለውን ማዘርቦርዴን ላነሣልኝ የአዳማ ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም የአዳማ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? በኮምፒውተር እንጀራ የምትበሉ ሁሉ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ልጁ የሠራልኝን ሥራ በሁለት መስመር «እናመሰግናለን» ብዬ ማለፍ ከበደኝ።

ሥራዬ ሬንደር ነው። አርክቴክቶች ፕላን ይልኩልኛል፣ እኔ ደግሞ ሕንፃው ተሠርቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በምስልና በቪዲዮ አወጣላቸዋለሁ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ጠዋት ለደንበኛ ቃሌን የምጠብቀው ማሽኔ ሳይቆም ካደረ ብቻ ነው። ከእንጀራው ሌላ ደግሞ ኦቨርክሎክ ማድረግ ከተማሪነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው። የፕሮሰሰርን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፍጥነት ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረግኩ፣ ቮልቱን እየለካሁ፣ የቱ ጋ እንደሚረጋ መፈለግ ሰዓት ያስረሳኛል።

ማዘርቦርዴ (ሌላው ክፍል ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) የአሱስ ማክሲመስ 11 አፔክስ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ9 9900ኬ። ሁለቱም በ2018 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። አርጅቷል የሚል ይኖራል፣ እኔ ግን በምንም አልለውጠውም። የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ቦርድ እዚህ ሱቅ ገብታችሁ አንስታችሁ የምትገዙት ዕቃ አይደለም፤ ሰው ከውጭ ሲመጣ ለምናችሁ የምታስመጡት ነው። ስለዚህ አንዴ ከተበላሸ ምትክ የለኝም።

ለማታውቁት፣ አፔክስ የሚባለው የቦርድ ዘር ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣ ሲሆን የተሠራውም ፍጥነት መግፋት ለሚወዱ ሰዎች ነው። ሌላው ቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት የራም (የጊዜያዊ ማስታወሻው) ስሎት፣ ማለትም መሰኪያ፣ አለ፤ እዚህ ላይ ግን ሁለት ብቻ። «ይህን ያህል ውድ ሆኖ ስሎቱ ለምን አነሰ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ከፕሮሰሰሩ ወደ ራሙ የሚሄደው መስመር ሲያጥርና መንገዱ ላይ ተጨማሪ ስሎት ሳይኖር ሲቀር ሲግናሉ ሳይረበሽ ይደርሳል፤ ራሙም ከፍ ባለ ፍጥነት ይሠራል። ከሁለቱ አጠገብ የራም የሚመስል ሦስተኛ ስሎት አለ፤ እሱ ግን ኤም ዶት 2 ዲስክ የተሰካበት ካርድ የሚገባበት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ኤልሞር በሚል ስም የሚታወቀው ስዊድናዊ ኮር አይ9 13900ኬን በፈሳሽ ሂሊየም አቀዝቅዞ ፍጥነቱን ከ9 ጊጋኸርዝ ያሳለፈው በዚሁ በአፔክስ ዘር ቦርድ ላይ ነበር። የእኔ ደግሞ በስምንቱም ኮር 5 ጊጋኸርዝ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ትሠራልኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ 51 እና 153 ሜጋዋት የሚያመነጩት ሁለቱ የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያ ነፋስ አቧራውን ይዞ ቤት ይገባል፤ ቤት የገባው አቧራ ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። ግንቦት ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ማሽኔ 100 ዲግሪ እየነካ ፍጥነቱን ራሱ መቀነስ ጀመረ። ሥራ ስለተደራረበብኝ ራሴ ከመፍታት ይልቅ አቧራው እንዲጸዳና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት እንዲቀየር ለአንድ ሱቅ ሰጠሁት። የሱቁን ስም አላነሣም፣ የመጣሁት ለምስጋና ነው።

ሲመለስልኝ አልነሣም አለ። ፋኖቹ ይዞራሉ፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ቦርዱ ላይ ሁለት አሃዝ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ማሽኑ ሲነሣ የቱ ጋ እንደደረሰ የምትናገረው እሷ ናት። 55 ላይ ቆመች። 55 ማለት «ራም አላገኘሁም» ማለት ነው። ሱቁ ጋ ይዤ ስሄድ ሰውየው አብርቶ አጠፋና «ቦርዱ ሞቷል፤ ከፈለግክ ለመለዋወጫ 4,000 ብር እንውሰደው» አለኝ። ማየቱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ቤቴ እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ደንበኛ ደውሎ «ደረሰ?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወዳጄ «ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ሳያየው እንዳትሸጠው» አለኝ። ይዤ ሄድኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ካውያና ሆት ኤር፣ ግድግዳው ላይ በየዓይነቱ የተሰቀሉ ኬብሎች። ልጁ ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ቢሆን ነው። ቦርዱን ሲያይ ፊቱ በራ፣ ወዲያው ግን እጁን ወደ ኋላ መለሰ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ዋጋ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ የነካው ማነው? ፕሮሰሰሩ ወጥቶ ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ ፔስት ቀይሩልኝ ብዬ ብቻ ነው የሰጠሁት» አልኩት።

እጁ አንጓ ላይ ከመሬት ጋር የተያያዘውን ማሰሪያ አሰረ፣ ኩለሩን (ማቀዝቀዣውን) ፈታ፣ ከፕሮሰሰሩ ጠርዝ ሥር የገባውን ፔስት በባትሪ አየና «ወጥቷል» አለ። ከዚያ ራሞቹን አወጣ። ያንን ሦስተኛውን ስሎት ገና ሲያየው «ይቺ የዲስኩ ናት» ብሎ አለፋት። እንዲህ ዓይነት ቦርድ ስንት ጊዜ እጁ ገብቶ እንደሚያውቅ አልጠየቅኩትም፤ ብቻ ዕቃውን ያውቀዋል።

አንዱን ራም አንዱ ስሎት ላይ ሰክቶ አበራ። ቁጥሮቹ ሮጡ፣ 55ን አለፉ፣ ባዮሱ፣ ማለትም የማሽኑ የመነሻ ቅንብር ገጽ፣ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሞቷል የተባለው ቦርድ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ! እኔ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር።

«ገና ነው ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

ያንኑ ራም ወደ ሁለተኛው ስሎት አዛወረ፤ 55። ሌላኛውን ራም እዚያው ሞከረ፤ አሁንም 55። ራሞቹ ደህና ናቸው፣ አንዱ መስመር ግን ተቋርጧል። እኔ «በቃ ስሎቱ ተቃጥሏል» ብዬ ደመደምኩ። እሱ ራሱን ነቀነቀና ፕሮሰሰሩን አወጣ። ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ገባኝ፦ ድሮ ራሙን የሚቆጣጠረው ቺፕ ቦርዱ ላይ ነበር፤ ኢንቴል በ2008 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ኮር አይ7 ሲያወጣ ወደ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገባው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ራም ስሎት መስመር በቀጥታ የሚሄደው ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ውስጥ ወዳሉት ፒኖች (ጥቃቅን የብረት መገናኛዎች) ነው። ራም ጠፋ ሲባል ስሎቱን ብቻ ሳይሆን ሶኬቱንም ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

የዚህ ሶኬት ፒኖች 1,151 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከፀጉር ብዙም አይወፍሩም። ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጎ ወደ እኔ ስክሪኑን አዞረልኝ። ነፋስ ወደ አንድ ጎን ያዘመመው የገብስ ማሳ ነው የሚመስለው፤ ሁሉም እኩል አዘንብለው፣ የሁሉም ጫፍ ላይ አንዳንድ የብርሃን ነጥብ። ማሳውን ቀስ እያለ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። አንድ ጥግ ላይ ሲደርስ ነጥቦቹ ተዛቡ፦ ሦስት ፒን ተኝቷል፣ ከሦስቱ ሁለቱ ተነካክተዋል። ፕሮሰሰሩ ሲመለስ ተዛንፎ አርፎባቸው ነው።

«እዚህ ጋ ናቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። ቀጭን የኢንሱሊን መርፌ አወጣ፣ ሁለቱን ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ፣ ትንፋሹን ያዘ። ፒኗን በአንዴ አላቀናም። ነካ ያደርጋታል፣ ይተዋታል፣ ከጎረቤቷ ጋር ያስተያያታል፣ እንደገና ነካ። ፒን ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ከታጠፈ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ሶኬቱን መቀየር ነው፣ ያ ሌላ ከባድ ሥራ ነው። በመሀል ስልኩ ጠራ፣ ዞር ብሎም አላየው። ለሦስት ፒን አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ሲጨርስ ከመሥራቱ በፊትና በኋላ ያነሣቸውን ፎቶዎች ጎን ለጎን አሳየኝ፤ ማሳው ተስተካክሏል። ፕሮሰሰሩን ቀጥ አድርጎ አስቀመጠ፣ ሁለቱንም ራም ሰካ፣ 32 ጊጋባይቱ ሙሉ ወጣ።

«ልውሰደው» ስለው እምቢ አለኝ። «ዛሬ መነሣቱ ምንም አይደለም፤ ሌሊት ሬንደር ላይ እያለ ቢወድቅብዎትስ?» ብሎ ሜምቴስት በሚባለው የራም መፈተሻ ፕሮግራም ላይ አሳደረው። በማግስቱ ስመጣ ስህተት ዜሮ።

ሲያሳድረው ደግሞ ያልጠየቅኩትን ነገር አየልኝ። ቦርዱ ላይ ለመለኪያ የተተዉ ነጥቦች አሉ፤ እዚያ ላይ ቴስተር አስገብቶ ፕሮሰሰሩ ሥራ ላይ እያለ የሚያገኘውን ቮልት ለካ። እኔ ለ5 ጊጋኸርዝ 1.35 ቮልት ሰጥቼ ነበር፤ «ለዚህኛው ፕሮሰሰር በዝቷል» አለኝ። እየቀነሰ እየፈተነ 1.25 ላይ አረጋው። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከቮልቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ ይህቺ 0.10 ብቻዋን 14 በመቶ ገደማ ትቀንሳለች። 200 ዋት በ1.25 ቮልት ማለት 160 አምፔር ነው፤ ያን ሁሉ የሚያሳልፉት ከሶኬቱ ዙሪያ በብረት ተሸፍነው የተደረደሩት የኃይል ክፍሎች ናቸው። የእነሱንም ብረት ፈትቶ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፓድ ቀየረው፤ አሮጌውን በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ፣ «የተቀየረውን ዕቃ ማየት አለብዎት» ብሎ።

አንድ የነገረኝን ለሁላችሁም ላካፍል። የውጭ ሰዎች በቪዲዮ የሚያሳዩትን የሙቀት ቁጥር አዳማ ላይ አትጠብቁ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። በዚያ ላይ የግንቦቱ ፀሐይ አለ። እኔም ምክሩን ሰምቼ በሞቃቱ ወር 4.9 ላይ እሠራለሁ፣ ክረምት ሲገባ ወደ 5 እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲህ ሬንደር ላይ 85 ዲግሪ አልፎ አላየሁትም።

ዋጋውን ለምትጠይቁኝ፦ ለፒኑም፣ ለፓዱም፣ ለቅንብሩም በጠቅላላ 3,500 ብር ነው የከፈልኩት። ለምርመራው አላስከፈለኝም፤ «ካልሠራሁት አልቀበልም» ነው ያለኝ። ልጨምርለት ብል አልተቀበለኝም።

ላፕቶፕ፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ፓወር ሳፕላይም ይሠራል። ሥራ ስለሚበዛበት ቀድማችሁ ደውሉለት፤ ዕቃችሁን አስቀምጣችሁ ለመሄድም ተዘጋጁ፣ አያቻኩልም። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ ያላወጣሁት ፈቃዱን ስላልጠየቅኩ ነው፤ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ ሁሉ አስተላልፋለሁ። ቦርድ ለብቻው ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሲገዛ ሶኬቱ ላይ የነበረችውን የፕላስቲክ ክዳን ግጠሙበት። ብዙዎቻችን እንጥላታለን፤ እነዚያን ፒኖች ከጣትም ከዕቃም የምትጋርደው እሷ ናት።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፣ ትናንት ማታ የሆስፒታሉን ፕሮጀክት ቪዲዮ ጨርሼ አስረከብኩ። እጅህን ቁርጥማት አይንካው።