የጋራዥ በር ጎማ ለማስቀየር ጠርታችሁ «ሙሉ ጥቅል» ከተባላችሁ ተጠንቀቁ

የጋራዥ በራችሁ ሥር ያለው ጎማ ተሰነጣጥቆ ውሃና አቧራ ማስገባት ከጀመረ ጎማውን አስቀይሩ። «ሙሉ የማሸጊያ ጥቅል» ብለው የሚያቀርቡላችሁን ግን በሩን ራሳችሁ ሳታዩ አትቀበሉ። አካሄዳቸው አንድ ዓይነት ነው። ለመምጫ ብቻ በሚል ትንሽ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ከመጡ በኋላ በሩን አንድ ሁለቴ ከፍ ዝቅ አድርገው የበሩን ክብደት የሚሸከመው ሞላ ደክሟል፣ በሩ በሐዲዱ ላይ የሚሽከረከርባቸው ሮለሮች አልቀዋል፣ የታችኛው ፓነል በስብሷል፣ ሁሉም አብሮ ካልተቀየረ ለጎማው ዋስትና አንሰጥም ይላሉ። ዛሬ ካልፈረማችሁ ነገ ዋጋው ይጨምራል የሚለውም ይከተላል። ባለቤቱ ስለ በሩ ብዙ ስለማያውቅ ይፈርማል። ሥራው በትክክል ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል ዕቃ እንደሚፈልግና የት ላይ እንደሚበላሽ በዝርዝር የምንጽፈው ለዚህ ነው።

ሥራው ትንሽ ነው። 2.74 ሜትር ስፋትና 2.13 ሜትር ከፍታ ላለው የአንድ መኪና በር፣ ለሥሩ 2.85 ሜትር ያህል ጎማ፣ ለሁለቱ ጎንና ለላዩ ደግሞ በድምሩ 7 ሜትር ከንፈር (የበሩን ፊት የሚነካ ለስላሳ ጠርዝ) ያለው ማሸጊያ ይበቃል፤ ለብክነት ግማሽ ሜትር ጨምሩበት። 4.88 ሜትር ስፋት ባለው የሁለት መኪና በር ላይ የጎንና የላዩ ድምር 9.14 ሜትር ነው። ከዚህ ሌላ ምስማር፣ የሳሙና ውሃ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽና ከተር ያስፈልጋል። ሁለት ሰው በእርጋታ ሠርቶ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የዋጋ ማቅረቢያው ላይ ከዚህ እጥፍ የሆነ ርዝመት ተጽፎ ካያችሁ ሜትር አውጡና አብራችሁት ለኩ።

ብዙ ሰው የሚታለለው ግን በርዝመቱ ሳይሆን በጎማው ዓይነት ነው። የታችኛው ጎማ በበሩ ጫፍ ላይ ባለ የአሉሚኒየም ወይም የፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ተንሸራቶ ይገባል። በቦዩ ውስጥ የሚይዘው ጠርዝ እንደ ቲ ፊደል ጠፍጣፋ ራስ ያለው ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንደ ገመድ ድቡልቡል ይሆናል። ባለ ቲ የሆነውም ቢሆን ልኩ ይለያያል፦ 6 ሚሊ ሜትር እና 8 ሚሊ ሜትር የሚሉት በብዛት ይገኛሉ። 6ቱን ለ8ቱ በተሠራ ቦይ ውስጥ ካስገቡት በሩ መሬት በነካ ቁጥር እየተጎተተ ይወጣል። 8ቱ ለ6ቱ በተሠራ ቦይ ውስጥ አይገባም፤ በግድ ሲጎትቱት ጠርዙ ይቀደዳል። በአሮጌ የእንጨት በሮች ላይ ደግሞ ቦይ የለም፤ ጎማው በቀጥታ እንጨቱ ላይ በምስማር ይመታል። ስለዚህ «ለሁሉም በር ይሆናል» የሚባል ጎማ ሲቀርብላችሁ ከአሮጌው ጎማ ጫፍ 5 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ያዙት። ጠርዙ ካልተመሳሰለ ሥራው አይጀመር።

ሌላው ስፋቱ ነው። ይህ ጎማ የሚሸጠው ተዘርግቶ በሚለካ ስፋት ነው። በሩ ላይ ሲገባ በግማሽ ክብ ስለሚታጠፍ 100 ሚሊ ሜትር የተባለው ወደ 64 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ ጎማ 64 ብሎ ለክቶ 64 ሚሊ ሜትር ጎማ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ፣ ሲገጥመው 40 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሸፍን ነገር ያስገባላችኋል። ጎማው አዲስ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ያምራል፤ መሬት ግን በወጉ አይነካም። በዚህ ጊዜ ስህተቱን ከማረም ይልቅ ወለላችሁ ተጣሟል ተብሎ ሁለተኛ ሥራ ይፈጠራል። የምትለኩት አሮጌውን አውጥታችሁ መሬት ላይ ዘርግታችሁ ነው።

ከምን እንደተሠራም ጠይቁ። ርካሹ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር በፀሐይና በጊዜ ብዛት እየለቀቀው ይሄዳል፤ ብርድ ሲሆን ይደርቃል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ፀሐይንና ኦዞንን በደንብ ይቋቋማል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ለታችኛው ክፍል እኛ የምንመክረው እሱን ብቻ ነው። መለየት ካቃታችሁ ቁራጩን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት እጠፉት፤ ፒቪሲ ግትር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለኢፒዲኤም እየከፈሉ ፒቪሲ የሚገጠምላቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ የጎማው ስም ደረሰኙ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

አገጣጠሙን ቆማችሁ እዩ። በሩ ደረት ድረስ ከፍ ይላል፤ ሞተሩ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፤ በሁለቱም ሐዲድ ላይ ከሮለሩ በታች የሚቆለፍ ፒንሳ ይታሰራል፣ በሩ ድንገት እንዳይወርድ። የቦዩ ጫፍ ተጨፍልቆ ስለሚገኝ በካቻቢቴ ይከፈታል። አሮጌው ጎማ በአንድ በኩል ይጎተታል፤ ካስቸገረ ለሁለት ተሰንጥቆ ይወጣል። ቦዩ ውስጥ የቀረው ቆሻሻና ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ መሀል ላይ አንዲት የዝገት ቅርፊት ከቀረች ጎማው እዚያ ይነክስና ይቀደዳል። ከዚያ ቦዩ በሳሙና ውሃ ወይም በሲልከን ስፕሬይ ይረጥባል። የሞተር ዘይትም ሆነ ግራሶ አይሆንም፤ ከነዳጅ የሚወጣ ዘይት ኢፒዲኤምን ያሳብጠዋል። አንዱ ሰው ጎማውን ወደ ቦዩ ይመግባል፣ ሌላው ከወዲያ ጫፍ ይጎትታል።

አሁን የሚመጣውን ልብ በሉ። ጎማ ሲጎተት ይለጠጣል። ልክ እንደገባ ከበሩ ጠርዝ እኩል ከተቆረጠ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሰበሰብና ሁለቱ ማዕዘኖች ክፍት ይቀራሉ፤ አይጥ የምትገባው ደግሞ በማዕዘን ነው። ትክክለኛው አሠራር፣ ከገባ በኋላ ከመሀል ወደ ጫፍ እየገፉ ልጠጣውን መልሶ ማላላት፣ ከዚያ በየጫፉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ትቶ መቁረጥ፣ ትርፉን ወደ ውስጥ ማጠፍ፣ መጨረሻ ላይ የቦዩን ጫፍ በፒንሳ መልሶ መጨፍለቅ ነው። ካልተጨፈለቀ በሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጎማው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።

እነዚህን ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ፦ አዲሱን ጎማ በአሮጌው ላይ መለጠፍ፤ ሰፊውን በር በሁለት ቁራጭ ጎማ መሀል ላይ አገናኝቶ መሸፈን፤ የብረት በሩን ሥር በቪቴ በስቶ ማሰር፣ ምክንያቱም ዝገቱ ከቀዳዳው ይጀምራል፤ በጎማ ፈንታ የሚለጠፍ ስፖንጅ መጠቀም። ስፖንጅ ከበሩ ክብደት በታች ይተኛል፣ አይመለስም።

የጎኑና የላዩ ማሸጊያ ቀላል ነው። በሩ ተዘግቶ ይሠራል፣ መጀመሪያ ላዩ ከዚያ ጎኖቹ። ከንፈሩ የበሩን ፊት ነክቶ ትንሽ መታጠፍ አለበት። አጥብቀው ከገፉት በሩ ላይ ይታከካል፣ ሞተሩም ያለ ሥራው ይደክማል። ምስማሩ በየ30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትሩ ይመታል፤ የማይዝግ ወይም ዚንክ የተነከረ ይሁን። የበሩ ቀለም ገና ካልደረቀ ከንፈሩ ይጣበቅበታልና መጠበቅ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከጎማው በኋላ የሚመጣው ነው። አዲሱ ጎማ ከአሮጌው ሲወፍር በሩ ከለመደው ቀድሞ መሬት ይነካል፤ ሞተሩም እንቅፋት ያገኘ መስሎት በሩን መልሶ ያነሳዋል። መፍትሔው በሩ የሚቆምበትን የታችኛውን ገደብ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረግ ነው። ሰነፉ ሠራተኛ ግን ገደቡን ትቶ የሞተሩን የመዝጊያ ኃይል ይጨምራል። በሩ ይዘጋል፣ ችግሩም ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ያ ኃይል ከበሩ ሥር ሕፃን ቢገኝ በሩ እንዲመለስ የሚያደርገው ጥበቃ አካል ነው፤ ኃይሉ በጨመረ ቁጥር በሩ ጨፍልቆ የመዝጋት አቅሙ ይጨምራል። ስለዚህ ሠራተኛው ሳይሄድ ይህን ፈትኑ። 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ጣውላ በበሩ መሀል መሬት ላይ አጋድሙና በሩን በሞተር ዝጉ። ጣውላውን ነክቶ ወዲያው ካልተመለሰ ሥራው አልተጠናቀቀም፤ ቀሪውን ገንዘብ አትክፈሉ፣ በሩንም በሞተር አትጠቀሙበት። ቀጥሎ በሩ እየወረደ ሳለ ቆም ብላችሁ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ከፍታ ላይ በበሩ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩትን የሁለቱን ሴንሰሮች ጨረር በመጥረጊያ እንጨት ጋርዱ፤ በሩ መመለስ አለበት። ሥራው ላይ ሴንሰር ተነክቶ ፊቱ ከዞረ በሩ አልዘጋም ይላል፤ ይህንንም «ሞተራችሁ ተቃጥሏል» ብለው የሚሸጡት አሉ። ሴንሰሩን በእጅ መልሶ ፊት ለፊት ማድረግ ነው መድኃኒቱ።

ስለ ሞላው። የጎማ ቅያሪ ሞላን መንካት አይጠይቅም። ሞላው ደክሟል ሲባል ራሳችሁ ፈትኑ፦ በሩ ተዘግቶ ባለበት የሞተሩን ማላቀቂያ ገመድ ሳቡ፣ በሩን በእጅ እስከ ወገብ አንሱና በዝግታ እጃችሁን አላሉ። ባለበት ከቆመ ሞላው ደህና ነው። ቁልቁል ከከበደ ወይም ሽቅብ ከሸሸ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ እሱም በሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የሚነካው ነው። ገመዱን በሩ ተከፍቶ ሳለ በፍጹም አትሳቡ፤ ሞላው ተሰብሮ ከሆነ በሩ ይወድቃል። ከበሩ ሥር በሁለቱ ማዕዘን የብረት ገመድ የሚታሰርበትን ማያያዣ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የተቀባውን ብሎን፣ አትፍቱ፤ ውጥረቱ እጅ ይቆርጣል። ጎማ ለመቀየር እሱን ልፍታ የሚል ሠራተኛ ሥራውን አያውቀውም፤ አሰናብቱት።

የታችኛው ፓነል በስብሷል ከተባለ የበሰበሰውን ቦታ አሳዩኝ በሉ። ብዙ ጊዜ የዛገው ፓነሉ ሳይሆን የጎማው ቦይ ነው፤ ቦዩ ብቻውን ተገዝቶ ይገጠማል። እንጨት ከሆነ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አድርጉት፤ ካልሰመጠ ጤነኛ ነው።

ወለሉ ተጣሟል ከተባለ ደግሞ በሩን ዝጉና ከበሩ ሥር በየግማሽ ሜትሩ ወረቀት አስገብታችሁ ሳቡ፤ የሚላላበት ቦታ ክፍተቱ ነው። በአንድ በኩል ብቻ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ልዩነትን ሰፋ ያለ ጎማ ይሸፍነዋል። ከዚያ ከበለጠ መሬት ላይ የሚለጠፍ የጎማ ደፍ ያስፈልጋል። ደፉ የሚጣበቀው ታጥቦ ፍጹም በደረቀ ኮንክሪት ላይ ነው፤ ማጣበቂያው ጠንክሮ እስኪይዝ መኪና አያልፍበትም፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን። ወለላችሁ ወደ ውስጥ ካጋደለ ደፉ ከመኪናው የሚንጠባጠበውን ውሃ ገድቦ ያስቀራል፤ ይህን ሳይነግሯችሁ የሚለጥፉ አሉ።

ውሉ ላይ እነዚህ ይስፈሩ፦ የጎማው ዓይነት፣ የጠርዙ ቅርጽና ልክ፣ ተዘርግቶ ያለው ስፋት፣ የሜትሩ ብዛት፣ ቦዩ ይቀየራል ወይስ አይቀየርም፣ የእጅ ዋጋው ከዕቃው ተለይቶ። «የዕድሜ ልክ ዋስትና» ሲባል ምኑን እንደሚሸፍን ጠይቁ። ጎማውን ብቻ የሚሸፍን ዋስትና፣ ጎማው በነጻ መጥቶ ለመግጠሚያው እንደገና ሙሉ ክፍያ የሚጠየቅበት ነው። ቀብድ ከዕቃው ዋጋ አይብለጥ። የቀረውን የምትከፍሉት በሩን ዘግታችሁ ከውስጥ መብራት አጥፍታችሁ የቀን ብርሃን በየትኛው ማዕዘን እንደሚገባ ካያችሁና የጣውላውን ፈተና በሩ ካለፈ በኋላ ነው። አሮጌውን ጎማ ይዘው እንዳይሄዱ፤ ክርክር ከተነሳ ልኩን የሚያሳየው እሱ ነው።