ከተማዬን ውኃ ያስጠማሁበት ግድብ፦ ሲቲስ ስካይላይንስ ከስምንት ወር በኋላ

ቅዳሜ ማታ የሆነው ባይሆን ኖሮ ስለዚህ የከተማ ግንባታ የኮምፒውተር ጌም አንድ መስመርም አልጽፍም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ መንገድ ስዘረጋ፣ ሰፈር ስቆረቁር፣ ግብር ስሰበስብ ቆየሁ። ደህና ነው፣ ይሠራል፤ ያረጀ ላፕቶፔን ምድጃ ማድረጉን ካልቆጠርነው።

ቅዳሜ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ፣ "አባዬ፣ ይሄ የከሰል መብራት ማመንጫ ጣቢያ መሬቱን በከለው፤ ለምን ግድብ አትሠራም?" አለችኝ። ወኔ ያዘኝ። ባለ 40 ሜጋዋቱን ጣቢያ በአንድ ጠቅታ አፈረስኩና ካዝናዬን አራግፌ ወንዙን ዘጋሁት። ግድቡን ስነካው ምን ቢል ጥሩ ነው? ዜሮ ሜጋዋት!

ለካ ውኃው ገና አልሞላም። ከተማው ጨለመ። ከግድቡ በታች የተከልኩት የውኃ ፓምፕ ደረቅ መሬት ላይ ቀረ። የፍሳሽ ቱቦዬ ደግሞ ከግድቡ በላይ ነበር፤ ቡናማው ውኃ ቀስ እያለ ወደ ሰፈሩ ወጣ። ልጄ በሳቅ ሞተች። ተናድጄ ላጠፋው ስል፣ "የሕዳሴው ግድብ ሲሞላም እንዲህ ሆነ እንዴ?" ብላ አስቆመችኝ።

ጌሙ ተረሳና ወሬ ያዝን። የእኛው ከ2012 ክረምት ጀምሮ በአምስት ክረምት በየደረጃው እንደተሞላ፣ ገና ሳይሞላ የካቲት 2014 ላይ ማመንጨት እንደጀመረ፣ ውኃውም ወደ ታች መፍሰሱን እንዳላቆመ ነገርኳት። "አንተ ግን በአንድ ቀን ዘጋኸው" አለችኝ። ግድቡ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል የሚለውን በዜና ስንቴ ሰምቼዋለሁ! ግድብ ከመብራቱ በፊት ጊዜ እንደሚበላ የገባኝ ግን ያ ፓምፕ ሲደርቅ ነው።

ላፕቶፑን የሸጠልኝ ልጅ፣ "ብሮ፣ ኳስ ልጫንልህ፤ ይሄ የሽማግሌ ጨዋታ ነው" ብሎኝ ነበር። እስቲ ና አሁን ንገረኝ፤ የትኛው የኳስ ጌም ነው አባትና ልጅን እስከ እኩለ ሌሊት ስለ ተርባይን የሚያከራክር? ሲያትል ያለው የአጎቴ ልጅ ጌሙን በካርዱ ሲገዛልኝ "ትልቅ ሰው ሆነህ!" ብሎ ስቆብኛል። ይሳቅ።

ቁጥሩን ግን እንዳታምኑ። ጌሙ ውስጥ ተራው የንፋስ ተርባይን ደህና ቦታ ካገኘ እስከ 8 ሜጋዋት ይሰጣል። “አዳማ አንድ” የሚባለው የንፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ የቆሙት 34ቱ ተርባይኖች ግን እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት ናቸው። ጌሙን የሠሩት ፊንላንዶች ንፋሱን ከየት እንዳመጡት እንጃ! ጫጫታው ነዋሪውን ስለሚያሳምም ግን ቤት አጠገብ አትትከሉት።

እሑድ ጠዋት ፓምፑን ከግድቡ በላይ፣ ፍሳሹን ከግድቡ በታች አድርገን እንደገና ጀመርን። ግድቡን የምትሠራው እሷ ናት። እኔ ውኃው እስኪሞላ ከሰሉን እንዳልነካ አስምላኛለች።