ውሏችንን በሥዕል ላስያዙልን መምህርት፦ ምስጋናም ጥቆማም

ይህን ጽሑፍ ልጽፍ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል። ልቀመጥ ስል አንድ ነገር ይመጣና ይቀራል። ዛሬ ግን ልጄ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ማንም ሳይጎትተው ጥርሱን ቦርሾ አልጋው ላይ ወጣ፤ እኔም ፋታ አገኘሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ ሰዓት ከቤታችን የሚሰማው ጩኸት ነበር። ከታች ያሉት ጎረቤታችን ደረጃውን ወጥተው «ደህና ናችሁ ወይ?» ብለው የጠየቁባቸው ምሽቶች አሉ።

ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ያወቅነው ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆነው በየካቲት 12 ሆስፒታል ከታየ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያልተባልነው የለም። «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው»፣ «ዓይን በልቶት ነው»፣ «ስልክ አስይዘሽ አበላሸሽው»። ጠበልም ወስጄዋለሁ፤ አልጸጸትም። እኔን የቸገረኝ ግን ከምርመራው በኋላ ያለው ኑሮ ነበር። «የቀን ውሎው በተቻለ መጠን የማይለዋወጥ ይሁን» ተባልን፤ እሺ ብዬ ወጣሁ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት፣ መብራት ባሻው ሰዓት በሚጠፋበት፣ ባለቤቴ አንድ ሳምንት ቀን አንድ ሳምንት ሌሊት በሚሠራበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የማይለዋወጥ ውሎ ከየት ይመጣል?

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስለ አንዲት መምህርት ነገረችኝ። ለብዙ ዓመታት መዋዕለ ሕፃናት ሲያስተምሩ ኖረው፣ በኋላ ልዩ ፍላጎት ካላቸው ልጆች ጋር መሥራት የጀመሩ፣ አሁን ቤት ለቤት እየዞሩ ወላጆችን የሚያግዙ ሴት ናቸው። እኛ ቤት ስማቸው «ቲቸር» ነው፤ ልጄ አጥርቶ ከሚጠራቸው ጥቂት ቃላት አንዱም ይኸው ነው።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ አልወደድኳቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጁን አልነኩትም። የሳሎናችን ጥግ ላይ ተቀምጠው በተማሪ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ባለቤቴ «እኛ የምንከፍለው ለጸሐፊ ነው እንዴ?» ሲል እኔም ልቤ ከእሱ ጋር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን ገልጠው አነበቡልኝ። በእነዚያ ቀናት ልጁ 11 ጊዜ ራሱን እስኪስት ድረስ አልቅሷል። ከ11ዱ ስምንቱ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ከእያንዳንዱ ለቅሶ በፊት ምን እንደተደረገም ተጽፏል፦ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ ነበር፤ ከእንቅልፉ እንደነቃ ስልክ ተሰጠው፤ እንግዳ ገባ፤ ስልኩ ከእጁ ተነጠቀ፤ ወደ ገላ መታጠቢያ ተወሰደ። አንድም ቀን አስቀድሞ የነገረው ሰው የለም።

«ልጄ፣ አንቺን ማንም ምንም ሳይነግርሽ ከወንበርሽ አንሥቶ ቢወስድሽ ዝም ትያለሽ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ ሥዕሉ መጣ። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ልጅ ሥዕል አልፈለጉም። የራሱን ሰማያዊ የጥርስ ብሩሽ፣ የእኛን ጆግ፣ የእኛን ደረጃ፣ የራሱን አልጋ በስልኬ አስነሡኝ። ፎቶ ቤት አሳትመን በላስቲክ አስለበጥናቸው። ከኋላቸው እንደ ሕፃን ጫማ ጭርር ብሎ የሚላቀቅ ማጣበቂያ አደረግን። ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፦ መነሣት፣ ሽንት ቤት፣ ፊት መታጠብ፣ ልብስ፣ ቁርስ። አንዱን ሲጨርስ ራሱ ይነቅልና ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል። የጣሳው ድምፅ ለእሱ «አለቀ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ካርዶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነቅሎ ጣሳ ውስጥ ከተታቸው፤ ቀኑን በአምስት ደቂቃ ጨረሰው! ቲቸር ሳቁና ሁለት ካርድ ብቻ አስቀሩ። ከሁለት ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት ለመሄድ ወራት ፈጅቶብናል።

በኋላ ሳነብ ነገሩ የቲቸር ፈጠራ እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ እሳቸውም የእኔ ነው ብለው አያውቁም። ውሎን በሥዕል ማሳየት ኤሪክ ሾፕለር በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በመሠረቱት ቲች በተባለው ፕሮግራም ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት የቆየ ዘዴ ነው። የእሳቸው ጥበብ ዘዴውን ለእኛ ቤት በልኩ መስፋታቸው ነው። ለምሳሌ የሰዓቱን ነገር ተመልከቱ። ልጄ ሰዓት ማንበብ አይችልም፤ ፀሐይን ግን ያውቃታል። የእኛ አገር ሰዓት ደግሞ የሚቆጠረው በፀሐይዋ ነው፤ ክረምት ከበጋም ብዙ አትዋዥቅም። ቲቸር «ፀሐይ ስትገባ ስልክም ይገባል» የሚል ሕግ አወጡ። ሲመሽ ስልክ ሁሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። የእሱ ብቻ አይደለም፣ የእኔም፣ የአባቱም። ይህ ሕግ ከልጁ ይልቅ በማን ላይ እንደከበደ መናገር አያስፈልገኝም።

የቀን እንቅልፉን በጥቂት በጥቂቱ ቀነስን፣ ከዚያም ተውነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ6 እስከ 12 ዓመት ለሆኑ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የእኔ ልጅ ድሮ ሌሊት የሚተኛውን ስንደምረው አንዳንድ ቀን 6 ሰዓት አይሞላም ነበር። አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ይተኛል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሲያመውና ጥርሱ ሲነቃነቅ ሁሉም ነገር ይፈርሳል፤ ከዚያ እንደገና ከሁለት ካርድ እንጀምራለን።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት እችላለሁ። ልጄ እንጀራ አይበላም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ቲቸር አንድ ምሳ ቁጭ ብለው አዩና «እንጀራ አልጠላም፤ የራሰ እንጀራ ነው የጠላው» አሉ። ወጡን በሌላ ሳህን ስናደርግለት ደረቁን እንጀራ እየቆረሰ በላ። አሁን ጫፉን ብቻ በሽሮ ነካ አድርጎ ይበላል። ለእኛ ቤት ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ከባዱ ጉርሻ ነበር። እናቴ የልጅ ልጇን ሳታጎርስ የበላች አይመስላትም። እሱ ደግሞ የሰው እጅ ወደ አፉ ሲቀርብ ይጮኻል፣ ሳህን ይገፋል። እናቴ «ጠላኝ» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። እኔ እናቴን ልቆጣ ስል ቲቸር ከለከሉኝ። ይልቁንም ለምሳ ሰዓት አንድ ካርድ ጨመሩ፤ የእናቴ ፎቶ ያለበት። ትርጉሙ «አያትን ማጉረስ» ነው። አጉራሹ እሱ ሆነ። መጀመሪያ በቲቸር እጅ እየተደገፈ፣ ቀጥሎ ብቻውን፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮም ቢሆን ያጎርሳል። ጉርሻው አንዳንዴ አገጯ ላይ ያርፋል። እናቴ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርሷን ሳትቀምስ ወደ እኛ የምትመጣው ለዚህች አንድ ጉርሻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ስልክ የሚይዝበትን ጊዜ በሥራ ሞሉት። ውሃ የሞላ ሃይላንድ በሁለት እጁ ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ደረጃ ይወጣል፤ ከባድ ነገር ሲሸከም ሰውነቱ ይረጋጋል። ምስር ይለቅማል። ከእኔ በተሻለ ይለቅማል፤ አንዲት ጠጠር አታመልጠውም። መጀመሪያ «ልጄን ሠራተኛ ሊያደርጉት ነው?» ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ያለባቸውን ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች ባዘጋጀው፣ በኢትዮጵያም በተሞከረው ሥልጠና ውስጥ ግን ዋናው ነገር ይኸው ነው፦ ልጁን በቤት ሥራና በጨዋታ ማሳተፍ። ሥልጠናው 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን፣ የሚሠለጥነውም ወላጁ ነው። ቲቸርም እንዲሁ ናቸው። እኔ ቤት ከሌለሁ አይመጡም። «እኔ በሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን ነኝ፤ አንቺ ሰባቱንም ቀን ነሽ» ይላሉ።

እንግዲህ ጥቆማ ነውና የማይመቸውንም ልናገር። ክፍያቸው ርካሽ አይደለም። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ብለው ከተቀጣጠሩ በዚያው ይደርሳሉ፤ በር ላይ አሥር ደቂቃ ካስቆማችኋቸው ግን ቀኑን ሙሉ ይነግሯችኋል። ልብስ አያጥቡም፣ ሕፃን አቅፈው አይውሉም፤ ሞግዚት የሚፈልግ ሌላ ይፈልግ። እኔንም በእናቴ ፊት ተቆጥተውኛል። የፋሲካ ዕለት ቤቱን በእንግዳ ሞልተን፣ ሶፋውን አንሥተን፣ ለልጁ ሳንነግረው በመቅረታችን ነበር። እሑዱ በለቅሶ አለፈ። ማክሰኞ መጥተው «ለዶሮው ሦስት ቀን ተዘጋጅተሻል፤ ለልጁስ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከበዓል በፊት የእንግዳ ካርድ፣ የቄጠማ ካርድ፣ የጭስ ካርድ እናወጣለን።

አንድ የማከብርላቸው ነገር አለ፤ ይድናል አይሉም። ከእሳቸው በፊት አንድ ሰው በሦስት ወር «እናስለቅቀዋለን» ብሎ ውድ ዱቄት ሸጦልናል። ቲቸር የንግግር ሕክምና ባለሙያ እንዳልሆኑ፣ ሐኪምም እንዳልሆኑ በመጀመሪያው ቀን ነግረውናል። ልጁ ሆዱን ይዞ ሲያለቅስ ጊዜ ካርድ አልፈለጉም፤ ሐኪም ቤት ላኩን፤ የሆድ ድርቀት ሆኖ ተገኘ።

ማዕከል የምትፈልጉም አትጠፉም። ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር በማይለመድበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፤ እሳቸው ዛሬ በሕይወት ባይኖሩም የብዙ እናቶችን አንገት ቀና አድርገዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ቤት ለቤት የሚመጣ ሰው ለምትፈልጉ ግን የእኔ ጥቆማ ቲቸር ናቸው።

ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ጠይቀውኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። የሚሠሩት በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳና በሳር ቤት አካባቢ ነው። በአንድ ጊዜ ከአራት ልጅ በላይ አይዙም፤ ስለዚህ ወረፋ ሊኖር ይችላል።

ቲቸር፣ ይህን ጽሑፍ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ትናንት ማታ እራት ላይ መብራት ሄደ። ድሮ ቢሆን ምን ይፈጠር እንደነበር እርስዎ በደብተርዎ ጽፈውታል። እኔ ስልኬን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ሻማ ስፈልግ እሱ በስልኩ ብርሃን ወደ ግድግዳው ሄደና የሻማ ሥዕል ያለባትን ካርድ አንሥቶ ከእራት ካርድ በታች ለጠፋት። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠና እንጀራውን ቀጠለ። መብራት ሲመጣ ካርዷን ነቅሎ ጣሳው ውስጥ ጣላት፤ «አለቀ» አለ፣ በአፉ።