«የተዉት ነገር አለ?» ብለው ለጠየቁን ሐኪም

ይህን የምጽፈው አንድ የልብ ሐኪምን ለማመስገን ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ለምነውኛል፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። የቅርብ ሰው ታሞበት ለተጨነቀ ግን በውስጥ መስመር እነግራለሁ፣ በደስታ።

እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ከልብ ወደ መላ ሰውነት ደም የሚወጣበት በር፣ አኦርቲክ ቫልቭ የሚባለው፣ ጠቧል ተባልን። ካልሲየም ተከማችቶበት ደርቋል። መጀመሪያ ያያት ሐኪም ወረቀቱን አገላበጠና «ቫልቩ መቀየር አለበት፤ ተነጋግራችሁ ወስኑ» አለን። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ምኑን ነው የምንወስነው? ቤት ገብተን ተፋጠጥን። እናቴ «ደህና ነኝ፤ ደረቴን አላስከፍትም» አለች። እህቴ አለቀሰች። እኔ ሌሊቱን ስልኬ ላይ ተጥጄ ሳነብ አደርኩ። ባነበብኩ ቁጥር ፍርሃቴ ባሰ።

በሰው በሰው እኚህን ሐኪም አገኘን።

መጀመሪያ ወረቀቱን አላዩም። ወንበራቸውን ሳብ አድርገው እናቴ ፊት ተቀመጡ።

«እናቴ፣ ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም። ደህና ነኝ።»

«እሺ። የዛሬ ዓመት ያደርጉት የነበረ፣ አሁን ግን የተዉት ነገር አለ?»

እናቴ ዝም አለች። ያን ጊዜ ነው ለእኔ የበራልኝ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ትቆማለች። ቦርሳዋን ከፍታ ቁልፍ ትፈልጋለች። ቁልፉ ግን እጇ ውስጥ ነው። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ለዶክተሩ ስናገር አንገቷን ደፋች። «ትንፋሽ ያጥረኛል» አለች፣ ቀስ ብላ።

ብዙ ታማሚ «ምንም አይሰማኝም» የሚለው የሚያደክመውን ነገር ሁሉ ሳያስበው ስለተወ ነው አሉን። ሲንቀሳቀሱ ትንፋሽ ማጠር፣ ደረት ላይ መጨነቅ፣ ራስ መሳት፣ ከእነዚህ አንዱ ከመጣ የመጠበቂያው ጊዜ አብቅቷል ማለት ነው።

ከዚያ የኢኮውን፣ የልብ አልትራሳውንድ ምርመራውን፣ ውጤት አነሱ። ወረቀት ላይ ሁለት ክብ ሣሉ። «ጤነኛ ቫልቭ ሲከፈት ከ3 እስከ 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የእርስዎ 0.8 ነው። ከ1 ሲያንስ ከባድ ጥበት እንለዋለን።» ትንሹ ክብ የትንሿን ጣቷን ጥፍር ያክል ነበር። እናቴ ጣቷን ክቡ ላይ አስቀምጣ ለካችው። ብዙም ትምህርት አልገፋችም፤ ያን ቀን ግን ከሁላችንም በላይ ገብቷት ወጣች።

«ባልሠራስ?» አለቻቸው።

አላድበሰበሱም። የደረቀ ቫልቭ የሚከፍት መድኃኒት የለም። ምልክት ከጀመረ በኋላ ቫልቩ ካልተቀየረ ብዙ ሰው ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። የኦፕራሲዮኑንም አደጋ እንዲሁ በግልጽ ነገሯት። በእሷ ዕድሜ ላለና ሌላ ከባድ በሽታ ለሌለበት ሰው ከመቶ ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ይሞታሉ። ስትሮክ አለ፣ መድማት አለ፣ የልብ ምት መዛባት አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡላት። «ግቢና ተሠሪ» አላሏትም። እኔ በልቤ «ንገሯት እንጂ!» እያልኩ ነበር። አሁን ሳስበው ዝም ማለታቸው ልክ ነበር፤ ደረቱ የእሷ ነው።

እህቴ በብሽሽት ደም ስር ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ስለሚተከለው ቫልቭ ጠየቀች። እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ በዕድሜ ለገፉና ኦፕራሲዮን ለሚከብዳቸው ትልቅ ነገር ነው። ለእናቴ ግን ከዕድሜዋና ከቫልቩ ቅርጽ አንጻር ቀዶ ጥገናው እንደሚሻል ምክንያቱን ዘርዝረው አስረዱን።

ከሁሉም የከበደን የቫልቩ ዓይነት ምርጫ ነበር። ዶክተሩ ከመሳቢያቸው ሁለት ናሙና አወጡ። አንዱ ከካርቦን የተሠራው፣ ሰው የብረት ቫልቭ የሚለው ነው። ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ክዳኖች አሉት። እናቴ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ነቅነቅ አደረገችው። ጠቅ፣ ጠቅ። ሌሊት ጸጥ ሲል ይህ ድምፅ ከደረታቸው የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። አያልቅም፤ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ መውሰድና አይ ኤን አር የሚባለውን የደም ምርመራ በየጊዜው ማድረግ ግድ ነው። ሌላው ከላም ልብ ሽፋን የተሠራው ነው። ለስላሳ ነው፤ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን አይፈልግም። ግን ያረጃል። ከ10 እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ እንደገና መቀየር ሊመጣ ነው።

ለወጣት አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው፣ ከ65 በላይ ለሆነ ደግሞ ሁለተኛው ይመከራል። እናቴ መሐል ላይ ነች። ልጅ መውለድ ለምታስብ ሴት ነገሩ ሌላ ነው፤ ዋርፋሪን ጽንስን ይጎዳል። «እርስዎን የሚያስፈራዎት የቱ ነው? በየጊዜው ደም መመርመሩ ወይስ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን?» አሏት። «መድኃኒት እረሳለሁ፤ ራሴን አውቃለሁ» አለች። የላሙን መረጠች።

ያን ቀን አላስፈረሙንም። የኢኮውን ሲዲ ሰጥተው «ሌላ ሐኪምም ያሳዩ፤ ቅር አይለኝም» አሉ። ቀዶ ሐኪሙን በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን እንደሚሠራ እንድንጠይቅም መከሩን። እኔ ይህን መጠየቅ ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ጠየቅን፤ ቀዶ ሐኪሙም ሳይከፋው መለሰልን። ጥርስ ሐኪም ጋም ላኳት። እናቴ «ያመመኝ ልቤ፣ የሚያዩት ጥርሴን!» ብላ ነበር። የታመመ ጥርስ ተህዋስ ወደ ደም ያስገባል፤ አዲስ ቫልቭ ላይ ከሰፈረ ክፉ ነው።

ኦፕራሲዮኑ ከተሠራ አምስት ወር ሆነው። ሦስተኛው ሳምንት ከባድ ነበር። ስታስል ትራስ ደረቷ ላይ ታቅፋለች፤ ከዚያ ደግሞ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ዶክተሩ ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚሆን አስቀድመው ነግረውን ስለነበር አልደነገጥንም። ያም ሆኖ ማታ ደወሉላትና «እናቴ፣ ያልፋል» አሏት።

የእናንተ ሰው «ወስኑ» ተብሎ ከተላከ፣ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ሐኪም ፈልጉ። ባይሠራስ ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ቫልቩ ዓይነት ጠይቁ። የእኛን ሐኪም የምትፈልጉ ጻፉልኝ።

ዶክተር፣ ይህን ካነበቡት፣ ትላንት አብረን ገባን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እኔ እንደ ልማዴ ቆምኩ። እሷ አልፋኝ ወጣች።