ለእባቦቻችን ሐኪም ቤት እህት ምስጋና፣ ከዱር የተያዘ ቦል ፓይተን ለገዛችሁ ደግሞ ጥቆማ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው እባብ የምንጠብቅ ጥቂት አበሾች ነን። (አዎ፣ አለን። አገር ቤት እባብ ሲታይ ዱላ ነው የሚፈለገው፣ እናውቃለን።) ይህን የምንጽፈው በአንድ የእንስሳት ክሊኒክ በቴክኒሻንነት የምትሠራ እህታችንን ለማመስገን ነው። ስሜን አደባባይ አታውጡት ስላለች አንጽፈውም። ሥራዋን ግን እንጽፋለን፤ ሌላ ከተማ ያላችሁም ምን ዓይነት ባለሙያ መፈለግ እንዳለባችሁ ከዚሁ ትረዳላችሁ።

እሷ ዘንድ በብዛት የሚመጣው ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን የሚገባው ቦል ፓይተን ነው። አገር ቤት ዘንዶ የምንለው ትልቁ ሮክ ፓይተን እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ተከልክሏል። ቦል ፓይተን የዚያ ትንሽ ዘመድ ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፣ ሲፈራም ራሱን መሐል ደብቆ እንደ ድውር ክር ይጠቀለላል። ሱቁ «ካፕቲቭ ሃችድ» ብሎ ከጻፈበት ደግሞ ቤት የተራባ አይምሰላችሁ። እንቁላል የያዘች እናት ከዱር ተይዛ፣ ጫጩቶቹ እዚያው ተፈልፍለው የተላኩ ማለት ነው። ጎልማሳ ሆኖ ከጉድጓድ የተያዘው ግን ፈተናው ሌላ ነው፤ ከረጢት ውስጥ ከርሞ፣ ውሃ ተጠምቶ፣ መዥገሩንና ትሉን ተሸክሞ ነው እጃችሁ የሚገባው።

በመጀመሪያ የምናመሰግናት መድኃኒት ባለመስጠቷ ነው። እባብ የገዛ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን «የትል መድኃኒት ስጪው» ይላታል። መድኃኒት የሚያዘው ዶክተሩ መሆኑን ትነግርና እባቡን በሁለት እጇ ደግፋ ጎኑን ታሳያለች። ቆዳው ከጎን ከጎን ከታጠፈና እጥፋቱ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ወይም ከኩሱ ጋር የሚወጣው ነጭ ሽንት ደርቆ ቢጫ ጠጠር ከመሰለ እባቡ ውሃ ጠምቶታል። በዚህ ሁኔታ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሏ አይቀየርም፤ ውሃ፣ ሙቀት፣ ጸጥታ፣ ከዚያ የኩስ ምርመራ፣ መድኃኒት መጨረሻ።

ውሃውን እንዲህ ታሠራለች። ክዳን ያለው፣ አየር ማስገቢያ የተበሳ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ይደረጋል። ጥልቀቱ ከእባቡ ውፍረት ግማሽ አይበልጥም፤ የደከመ እባብ ጭንቅላቱን ማንሳት ቢያቅተው ይሰምጣላ። 20 ደቂቃ ይበቃል፣ አጠገቡ ሆናችሁ።

ማደሪያውን በተመለከተ የምትለው አጭር ነው። ሞቃቱ ጎን 32 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀዝቃዛው 26፣ እርጥበቱ ከ55 እስከ 65 በመቶ፣ በሁለቱም ጎን ጎኖቹን እየነካ የሚጠቀለልበት ጠባብ መደበቂያ። ማሞቂያ ምንጣፍ ያለ ቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) አይሰካም፤ እባብ ሆዱ እየተቃጠለ እንኳ ላይነሳ ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ የሚነጠፈው ነጭ ፔፐር ታወል ይሁን ትላለች። አያምርም፣ ግን ሁሉም ነገር ይታይበታል።

ነጩ ወረቀት ለምን እንደሆነ የሚገባችሁ ቅንቅን ሲመጣ ነው። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ቅንጣት የሚያህሉ ጥቁር ነጥቦች ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀሱ፣ ወይም እባቡ ቀኑን ሙሉ ውሃ ዕቃው ውስጥ ተኝቶ ሲውል ቅንቅን ገብቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እባቡን ብቻ ስለሚያክም ነው። ሴቷ ቅንቅን ደም ከጠጣች በኋላ ከእባቡ ወርዳ እንቁላሏን በሳጥኑ ስንጥቅና በእንጨቱ ሥር ትጥላለች፤ በሞቀ ቤት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ትውልድ ይደርሳል። ስለዚህ ወረቀቱ በየቀኑ ታስሮ ይጣላል፣ እንጨት ነክ ዕቃ በሙሉ ይወገዳል፣ ሳጥኑ በጣም በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒትም ቅንቅኑ ጠፋ ተብሎ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ይሰጣል። ለቅንቅን ሊታዘዝ የሚችለው አይቨርሜክቲን የሚባለው መድኃኒት ኤሊ ይገድላል፤ ቤታችሁ ኤሊ ካለ ሳትጠየቁ ንገሯት።

መዥገሩ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሷም እዚህ ላይ ናት የምትደነቀው። ጠፍጣፋ ሆኖ ቅርፊት ሥር ስለሚገባ ላዩን ብቻ ያየ ሰው የለም ብሎ ይሄዳል። እሷ ትንሽ ባትሪ ይዛ ከዓይኑ ዙሪያ ትጀምራለች፣ ከንፈሩ ላይ ያሉትን ሙቀት የሚለይባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ታያለች፣ ከአገጩ ሥር አልፋ፣ የሆዱን ቅርፊት ጠርዝ በጣቷ እየዳበሰች ከጅራቱ ሥር እስካለው ቀዳዳ ትወርዳለች። ከፍ ያለ ቅርፊት ካገኘች ጫፉ ቀጭን በሆነ ወረንጦ መዥገሩን ቆዳው አጠገብ ይዛ፣ ሳትጠመዝዝ፣ በዝግታ ቀጥ አድርጋ ታወጣዋለች። ክብሪት፣ ቫዝሊን፣ ጋዝ የሚባል ነገር የለም። የወጣውን አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ትከትታለች፣ ቦታውን ታጸዳለች፣ ከሳምንት በኋላ ደግማ ታያለች።

የኩስ ምርመራ ላይ ትዕግሥት ትጠይቃለች። ያልበላ እባብ አይጸዳም፣ ስለዚህ ናሙናው ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሲገኝ ትል ከታየ ፌንቤንዳዞል የሚባል የትል መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። መጠኑ በክብደት የሚሰላ ነው፤ ሲበዛ የአጥንት መቅኔ ይጎዳል። ለዚህ ነው ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙ የምትለው (ከዚያ ወዲያ ለወጥ ቤት አይመለስም)። ኩሱ ሳይነሳ ካደረ ደግሞ አንዳንዱ ትል እዚያው ተባዝቶ ይመለሳል። ዱር ውስጥ እባቡ ኩሱን ትቶት ይሄድ ነበር፤ ሳጥን ውስጥ ግን ላዩ ላይ ይተኛል።

አለመብላቱ ሰዎችን ከሁሉ በላይ ያስጨንቃል፣ ያለምክንያትም ብዙ ጊዜ። ይህ እባብ አገሩ ላይ ጀርቢል (የበረሃ አይጥ ዓይነት) እና ለስላሳ ጸጉር ያለው የአፍሪካ አይጥ ሲበላ የኖረ ነው፤ የሱቁን ነጭ አይጥ ምግብ መሆኑን አያውቅም። የመጀመሪያውን ሳምንት ጭራሽ አትንኩት። ከዚያ ማታ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ትንሽና ጥቁር ወይም ቡናማ አይጥ፣ በሞቀ ውሃ 38 ዲግሪ አድርሳችሁ በረጅም ወረንጦ አቅርቡ። ካልነካው መደበቂያው በር ላይ ትታችሁ ጠዋት አንሱ። እንቢ ካለ የጀርቢል ጎጆ ሣር አይጡ ላይ ማሸት ይሠራል። በየ2 ቀኑ መሞከር ግን ያስጨንቀዋል፤ በሳምንት አንዴ ይበቃል። ሕያው አይጥ ከእባቡ ጋር ትቶ መተኛት ደግሞ ነውር ነው፤ አይጡ ጀርባውን እስከ አጥንት ሊበላው ይችላል። ጎልማሳ ቦል ፓይተን ወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል፤ የሚወስነው ሚዛኑ ነው። 1,200 ግራም የነበረው 1,080 ከደረሰ ሳትጠብቁ ውሰዱት።

ለይቶ ማቆያውን ቢያንስ 90 ቀን ትላለች፣ በሌላ ክፍል፣ የራሱ ወረንጦና ውሃ ዕቃ ይዞ፣ ከሌሎቹ እንስሳት ሁሉ መጨረሻ ተራው ደርሶት። አፉን ከፍቶ ወደ ላይ እያየ ከተነፈሰ ወይም አፉ ውስጥ ዝልግልግ ከታየ የኒዶቫይረስ (የእባብን መተንፈሻ የሚያጠቃ ቫይረስ) ምርመራ በአፍ ናሙና ይደረጋል። ኤሊ የነካ እጅም ሳይታጠብ እባብ አይነካም። ኤሊ ሳይታመም የሚሸከመው አሜባ እባብን ይገድላል። ለሰው ደግሞ ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ አለ፤ ውሃ ዕቃው ወጥ ቤት አይታጠብም፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይነካውም።

ነቀፌታ ካስፈለገ፣ ስልክ ቶሎ አታነሳም፣ ያለ ቀጠሮም አትቀበልም። ቢሆንም «ይህን ዶክተሩ ይየው እንጂ እኔ አልወስንም» ብላ የምታስቆም፣ ያንኑም በአማርኛ እናታችሁ እስኪገባት የምታስረዳ ሌላ አላገኘንም።

ሌላ ከተማ ያላችሁ የረፕታይልና አምፊቢያን የእንስሳት ሐኪሞች ማህበር ድረ ገጽ ላይ በአካባቢያችሁ ያለ ሐኪም መፈለግ ትችላላችሁ። ስትደውሉ በወር ስንት እባብ እንደሚያዩና የኩስ ምርመራ እዚያው ይሠሩ እንደሆን ጠይቁ። ስትሄዱ እባቡን በትራስ ልብስ ቋጥራችሁ ክዳን ባለው ሳጥን አድርጉት፣ የየሳምንቱን ክብደት በወረቀት ያዙ፣ ኩሱን በሚታሸግ ፕላስቲክ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አቆዩና ከእባቡ በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱ። ፍሪዘር ውስጥ ካስገባችሁት ምርመራው ይበላሻል።