ባለ 7 ሳንቲ ሜትር ታኮ ጫማ ከሁለት ልጆች ጋር፦ ከ10 ወር በኋላ

ጫማውን የገዛሁት በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ መስቀል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ መርካቶ ጫማ ተራ ነው። ጥቁር ቆዳ ነው፤ ፊቱ የተዘጋ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በቀጭን ማሰሪያ የሚታሰር፣ ታኮው ወፍራምና አራት ማዕዘን የሆነ። ታኮውን ቤት ወስጄ በማስመሪያ ስለካው ቁመቱ 7 ሳንቲ ሜትር፣ መሬት የሚነካው የታችኛው ክፍል ስፋቱ ደግሞ 4 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት። ዋጋው 3,600 ብር ነበር። አሁን ሐምሌ ገብቷል። በእነዚህ 10 ወራት በሳምንት ቢያንስ አራት ቀን አድርጌዋለሁ፤ ከእነዚያ ቀናት በአብዛኞቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ልጆቼ አብረውኝ ነበሩ። ሴቷ 5 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ በጥር 2 ዓመት ሞላው።

አብራኝ ባንክ ውስጥ የምትሠራ ባልደረባዬ በዚያው ቀን ከዚያው ሱቅ ተመሳሳዩን ጫማ ገዝታለች። እርሷ ገና ልጅ የላትም። ስለዚህ የሁለታችንን ጫማ ጎን ለጎን አስቀምጦ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ፤ ብዙ ነገር የተማርኩትም ከዚያ ነው።

ስለ ጫማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ልጅ ይዛ ታኮ ያደረገች እናት በመንገድ ላይ ስንት ዓይን እንደሚያርፍባት ስላየሁ ነው የምጽፈው። ጥቅምት ላይ ታክሲ ሰልፍ ይዘን ሳለ አንዲት ትልቅ ሴት ጠጋ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ሕፃን ይዘሽ እንዲህ ያለ ጫማ ታደርጊያለሽ? ብትወድቂስ?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ከልባቸው ተጨንቀው ነው። እኔም፣ «እማማ፣ ልጆቹን አድርሼ በዚያው ሥራ እገባለሁ» አልኳቸው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ይህንን ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቆሞ የተመለከተ ሰው ታኮ ያደረጉ እናቶችን ያያል፤ አብዛኞቹ ግን ለሽርሽር የወጡ አይደሉም። ከዚያ በር ወደ ባንክ፣ ወደ ሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ ወደ ቢሮ የሚሮጡ ናቸው። በመሐል ጫማ የሚቀይሩበት ጊዜም ቦታም የላቸውም። «ለምን ታደርጋለች?» ከማለት «የትኛውን ብታደርግ ይሻላታል?» ማለት ይጠቅማል። ይህ ጽሑፍም የዚያ መልስ እንዲሆንልኝ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ቁጥሩ። ከመጀመሪያዋ ልጅ በፊት 37 ቁጥር ነበርኩ፤ ከሁለተኛው በኋላ 38 ሆንኩ። በእርግዝና ወቅት ጅማቶች ይላላሉ፣ የሰውነት ክብደትም ይጨምራል፤ በዚህ የተነሳ የውስጥ እግር ቅስት ዝቅ ይልና እግር ይረዝማል። አንዳንዶቻችን ላይ እንደዚያው ይቀራል። የድሮ ታኮ ጫማዎቼን ለወራት በግድ እያደረግሁ «ወልጄ ታኮ አልችልም አልኩ» ስል የነበረው ለካ ጫማው ጠቦኝ ነው። ከወለዳችሁ በኋላ ታኮ ጫማ የምትገዙ እህቶች፣ የድሮ ቁጥራችሁን አትጥሩ፤ ሱቅ ገብታችሁ ቆማችሁ አስለኩ፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ካበጠ በኋላ።

ይህን ጫማ ከመግዛቴ በፊት እህቴ ከዱባይ ያመጣችልኝ 9 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቀጭን ታኮ ነበረኝ። ከልጆች ጋር አራት ጊዜ ሞከርኩት፤ አምስተኛ ጊዜ አልደገምኩትም። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት የቀጭን ታኮን ጫፍ ለመዋጥ የተሠራ ይመስላል። ሰው ብቻውን ሲሄድ መሬት መሬት እያየ ይረግጣል፤ ልጅ የያዘች እናት ግን ዓይኗ ከልጇ ላይ አይነሳም። በዚያ ላይ ልጅ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ድመት ካየ ወደ ግራ፣ ኳስ ካየ ወደ ቀኝ ይጎትታል። ጉተታው ከጎን ሲመጣ ቁርጭምጭሚትን የሚደግፈው የታኮው ስፋት ነው። ባለ 4 ሳንቲ ሜትሩ ክፍተቱን ተሻግሮ ሁለት ድንጋይ ላይ ያርፋል። በ10 ወር ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ድንጋይ መሐል አልገባብኝም።

አስቀድሞ ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገር አለ። 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስትዪ የልጅሽ እጅ 7 ሳንቲ ሜትር ይርቅሻል። ለ5 ዓመቷ ምንም አይደለም። ለ2 ዓመቱ ልጅ ግን ክንዱ ከትከሻው በላይ ተሰቅሎ ይሄዳል፤ ቶሎ ይደክመዋል፣ «እቀፊኝ» ይላል። እኔም እጁን ላለመስቀል ወደ ጎን አጎነብሳለሁ። ለሦስት ሳምንት ያህል ወገቤን ሲያመኝ ታኮው ራሱ መስሎኝ ነበር፤ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጌ ከልጁ ጋር ስሄድ ጭራሽ አላመመኝም፣ ታኮውን አድርጌ ብቻዬን ስሄድም አላመመኝም። ሕመሙ የመጣው ከሁለቱ አንድ ላይ መሆን ነው። አሁን ትንሹ ልጅ ጣቴን ሳይሆን የቦርሳዬን ረጅም ማንገቻ ይይዛል፤ እኔም ከላይ እጁን በእጄ እሸፍናለሁ። መኪና በሚበዛበት መንገድ ግን ይህ አይሠራም፤ እዚያ አቅፈዋለሁ።

ማቀፉም በጫማው ላይ ምልክቱን ትቷል። ታኅሣሥ ላይ የታኮውን ጎማ ለማስቀየር ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ጫማ ሰፊው ጫማዎቹን ገልብጦ አየና፣ «እህቴ፣ በግራ ጎንሽ ልጅ ታቅፊያለሽ እንዴ?» አለኝ። የግራው ጎማ ከቀኙ በጣም ቀድሞ፣ ያውም በውጭ በኩል አልቆ ነበር። የባልደረባዬን ጫማ ሳየው የሁለቱም ጎማ እኩል ነው ያለቀው፤ እርሷ እስከ ሚያዝያም አላስቀየረችም። እኔ በታኅሣሥና በሚያዝያ ሁለት ጊዜ አስቀየርኩ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ 150 ብር ከፈልኩ። የጣት መተጣጠፊያው ላይ ያለው ቆዳም እንዲሁ ነው፤ የእርሷ ለስላሳ እንደሆነ አለ፣ የእኔ በጥልቅ ተሸብሽቧል። በቀን ስንት ጊዜ ቁጢጥ እንደምል ቆጥሬ አላውቅም፤ የልጅ ጫማ ለማሰር፣ ንፍጥ ለመጥረግ፣ የወደቀ ብስኩት ለማንሳት፣ የሚያለቅስን ልጅ ፊት ለፊት ለማነጋገር። ቆዳው ግን አልተሰነጠቀም። በሳምንት አንዴ ለሊስትሮ ሰጥቼ ቀለም ስለማስቀባው ይመስለኛል።

ጉድለቱን ልናገር። አራተኛው ወር ላይ የቀኙ ጫማ የውስጥ ሶል ከተረከዙ በኩል ተላቅቆ መጠቅለል ጀመረ። ሱቁ ጋ ብመልሰው «ከሦስት ወር ካለፈ አይመለከተንም» አሉኝ፤ ሲሸጡልኝ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነገሩኝም። ጫማ ሰፊው በማስቲሽ አጣበቀልኝ፤ እስካሁን ይዟል። ከዚህ የከፋው የታችኛው ሶል ነው። ለስላሳ ስለሆነ ውኃ ባለበት ያንሸራትታል። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ መሄድ በደረቅ ቀን ለታኮም ለልጅም ምቹ ነው፤ የሰኔ ዝናብ ሲነካው ግን ልጅ አቅፌ እዚያ ላይ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቻለሁ። ወዲያው ከፊት በኩል ግማሽ የጎማ ሶል አስለጠፍኩ። ለውጡ በጣም ትልቅ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማስደረግ ነበረብኝ፤ ልጅ ያላት ሴት ታኮ ጫማ ስትገዛ የዚህን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምራ ታስብ።

ዳገትና ቁልቁለት ላይ ያየሁት አስገርሞኛል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ መውጣት በታኮ ይከብዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልከበደኝም። ዳገቱ ራሱ የእግርን ፊት ከፍ ስለሚያደርገው የታኮው ቁመት በከፊል ይካካሳል። ችግሩ መውረዱ ላይ ነው። ክብደት ሁሉ ጣቶች ላይ ይወርዳል፣ ልጁ ደግሞ ቁልቁለት ሲያይ መሮጥ ይወዳል። ልጅ እየጎተተኝ ቁልቁለት መውረድ በዚህ ጫማ የማልወደው ብቸኛው የመንገድ ዓይነት ነው።

ደረጃውን ግን ከመጥላት ያለፈ ነገር አለኝ። የካቲት ላይ ቀላል ባቡር ለመሳፈር ስታዲየም ጣቢያ ወጣሁ፤ ጣቢያው ከፍ ያለ ድልድይ ላይ ስለሆነ መውጫው ደረጃ ነው። ትንሹን አዝዬው፣ ሴቷን በእጄ ይዤ ነበር። ረዘም ያለ ቀሚስ ለብሻለሁ። ስንመለስ፣ ስወርድ፣ ታኮው የቀሚሴን ጠርዝ ያዘና በጉልበቴ ወደቅሁ። ሴቷን ለቅቄ የደረጃውን ብረት በመያዜ ነው ተንከባልዬ ያልወረድኩት። ልጁ ጀርባዬ ላይ ስለነበረ ምንም አልሆነም፤ ሴቷ ግን እጇን ስለለቀቅሁባት ሌሊቱን «ለምን ለቀቅሽኝ?» እያለች ጠየቀችኝ። ጉልበቴ በሳምንት ዳነ። ጥያቄዋ ግን ዛሬም ይሰማኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅ አዝዬ ታኮ አላደርግም። የታዘለ ልጅ ክብደትን ወደ ኋላ ይስባል፣ ታኮ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሰውነት በሁለቱ መካከል ሚዛኑን ሲፈልግ አንድ የተሳሳተ እርምጃ ይበቃል። ማዘል ያለበት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ የያዝኩትን ጠፍጣፋ ጫማ አደርጋለሁ፤ ታኮው በፌስታል ይጓዛል።

ከዚያ በፊት፣ ጥምቀት ላይም ጫማ ቀይሬ ነበር። ታቦቱን አጅበን ጃን ሜዳ ስንሄድ አስፋልቱን በታኮው ተጓዝኩ፤ ሐበሻ ቀሚሱም ያምርበታል። የሜዳው ሣር ላይ ስንደርስ ግን ቀየርኩ። ሰፊም ቢሆን ለስላሳ መሬት ላይ ይሰምጣል።

ስለ ሕመም ከጠየቃችሁኝ፣ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማታ ባዶ እግሬን ስሄድ ባቴና ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ይወጠሩብኝ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነች ጓደኛዬ ታኮ ያዘወተረ ሰው የባት ጡንቻው እንደሚያጥር ነገረችኝ፤ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሜ ተረከዜን ዝቅ እያደረግሁ ማታ ማታ እንድስበውም አሳየችኝ። ቅዳሜና እሑድም ጫማው ያርፋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሴት ልጄ ቤት ውስጥ ታኮዬን አድርጋ ትዞራለች፤ ያ ጨዋታ ነው፣ አልከለክላትም። ለፋሲካ ልብስ ልንገዛ ስንወጣ ግን ለ5 ዓመት ልጅ የተሠራ እውነተኛ ታኮ ያለው ጫማ ተደርድሮ አየሁ፤ አለቀሰች፣ አልገዛሁላትም። የሕፃን እግር አጥንት ገና እየተሠራ ነው። እኔ የማደርገው አስቤና አመዛዝኜ ነው፤ እርሷ መሮጥ አለባት።

ዛሬ ብትጠይቁኝ ይህንኑ ጫማ እገዛለሁ፤ ቢቻል ግን 5 ሳንቲ ሜትር የሆነውን፤ ታኮው ከዚህ የጠበበውንም አልነካም። የባልደረባዬ ጫማ አዲስ ይመስላል፤ የእኔ አይመስልም፤ ሁለቱም ግን ቆመው ይሄዳሉ። ለክረምቱ ጠርጌ ጋዜጣ ጠቅጥቄበት ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናቱ ከመከፈቱ በፊት ጫማ ሰፊው ሦስተኛውን ጎማ ያስገባልኛል። ትንሹም በዚያን ጊዜ አብዛኛውን መንገድ በራሱ እግር ይሄዳል።